ክብሪት ያፈናት ላፕቶፕ

ጥቅምት 12
ጋዜጣዬን ይዤ ወዳጄ ዳኛው ቤት። ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆነው፤ እስከ ዛሬ አንባቢው እኔ ነኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ዜናው ደረቀብኝና አንዲት ፍየል ጨመርኩበት። የከተማው ምክር ቤት አዳራሽ ገብታ ቃለ ጉባኤውን በላችው አልኩ።
"ገጽ ስንት?"
"ሦስት።"
"አንተ ዋሾ!"
ጡረታ ወጥቶም መመርመር አልተወም።
ስወጣ ግን አንድ ነገር ጣል አደረገብኝ። የኔዋ የልጅ ልጅ ጽሑፍ በድምፅ የምታነብ ላፕቶፕ ልታዘጋጅለት ነው። "ማሽኗ እንዳንተ አትጨምርም" አለኝ። መልካም... ይሁንለት።

ጥቅምት 14
የልጄ ልጅ መሥሪያ ቤቷ የጣላቸውን ሦስት ላፕቶፖች ይዛ መጣች። ጥቁር፣ ብርማ፣ ግራጫ። ፋብሪካቸው ሦስት ዓይነት። ሦስቱም ላይ ሊነክስ የሚባል ነፃ ሲስተም ጫነች። ጠረጴዛው ተወረረ፤ ምሳዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በላሁ። አቧራ እንዳይገባ እኔም ያቅሜን አደረግሁ።
ሦስቱም ዲዳ!
"ዝም አይነቅዝም" ብላት አልሳቀችም።
"ድምፁን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ድራይቨር ነው የጎደላቸው፣ አባባ።"
"ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ?"
አሁንም አልሳቀችም።

ጥቅምት 15
ጥቁሯ ድምፅ አላት አሉ። ግን የምትልከው ወደ ቴሌቪዥን ነው። የቱ ቴሌቪዥን? የለም! ብርማዋ ደግሞ የድምፅ ካርዷን አታውቀውም። እንግዛላት ብል "ውስጧ አለ" ተባልኩ። ውስጧ ካለ ምን ጎደላት? ፋይል። ፋብሪካው የነፈጋት ፋይል። ምላስ ሰጥቶ ቃል መንሳት ምን የሚሉት ክፋት ነው?
"አንድ መድኃኒት ለሦስቱም አይሆንም?"
"አይሆንም፣ አባባ። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ አመል አለው።"
መኪናም እንደዚሁ ነበር። አንዷ በማባበል፣ ሌላዋ በእርግጫ ነበር የምትነሳው። እርግጫውን ልሞክር ብል እጄን ያዘችኝ። እጄን! እግሬን ልትይዝ ሲገባት...

ጥቅምት 17
ጥቁሯ ተናገረች! ዘግተን ስንከፍታት መልሳ ዝም።

ጥቅምት 18
ብርማዋ ተስፋ ተቆረጠባት። ጥቁሯ በተከፈተች ቁጥር የተነገራትን ትረሳለች። ዓይነ ስውር ሰው በየማለዳው ሊያስታውሳት ነው?
የቀረችው ግራጫዋ። ድራይቨሩ አለ፣ ድምፁ እስከ ጥግ ተከፍቷል፣ ግን ጭጭ።
"የጆሮ ማዳመጫ ተሰክቶብኛል ነው የምትለው! ምንም ሳይሰካባት! ልታሳብደኝ ነው!" ጠረጴዛውን መታችው።
የጆሮ ማዳመጫ? እኔ ሻዬን ፉት አልኩ።
ዳኛው ደወለ። ነገ አልነው።
"ሰው ሳላስቸግር አንዲት ገጽ ላንብብ ብዬ ነው እንጂ... ግድ የለም" አለ። እንዲህ ዝቅ ያለ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም።

ጥቅምት 19
እዚህ ደብተር ላይ አልዋሽም። ያመጣቻቸው ዕለት የግራጫዋን ክብ ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ወትፌ፣ ትርፉን ሰብሬ ጣልኩ። የሾፌር ልማድ ነው፤ ክፍት ቀዳዳ አቧራ ይጠጣል። ለአቧራ ነበር፣ እምላለሁ። ትናንት "ተሰክቶብኛል ትላለች" ስትል ግን የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ እሱ መሆኑ ገባኝ። ታዲያ ለምን ዝም አልኩ? ማሽኗ ከተናገረች ማን ጋዜጣ አንብብልኝ ይለኛል ብዬ?
ዝም አይነቅዝም ያለው ማነው? ሆዴ ውስጥ ሲነቅዝ አደረ።
ቁርስ ላይ በወረንጦ ጎትቼ አወጣሁት። ግራጫዋ ወዲያው ለፈለፈች፦ "መስኮት... ፋይል... ሰርዝ..." ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ሰው ድምፅ።
የልጄ ልጅ እንጨቷን አየች። እኔን አየች።
"አምስት ቀን፣ አባባ! አምስት ቀን!"
ወረንጦውን ኪሴ ከተትኩ።

ጥቅምት 20
ላፕቶፗን ወሰደችለት። አብሬያት አልሄድኩም። ጉልበቴን አመመኝ አልኩ።

ጥቅምት 23
ሦስት ቀን ቤት። ጋዜጣውን ለብቻዬ አነበብኩት። ምን ዓይነት ደረቅ ነገር ነው?
ዳኛው ደወለ።
"ማሽኗ ጋዜጣውን ከዳር እስከ ዳር አነበበችልኝ። ቃል አትዘል፣ ቃል አትጨምር።"
"እንኳን ደስ ያለህ።"
"የልጅ ልጅህ ከኢንተርኔት ያወረደችልኝን የጥቅምት አሥራ ሁለት ጋዜጣ ደግሞ ሦስተኛውን ገጽ ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። ፍየል የሚባል የለም።"
ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።
"አንተ ዋሾ፣ ቃለ ጉባኤውን ከበላች በኋላ ምን አደረጓት? ችሎቱ እየጠበቀህ ነው። ጋዜጣ ይዘህ እንዳትመጣ!"
ጉልበቴ ተሻለው። ባዶ እጄን እየወጣሁ ነው።