ያልተመዘገቡት ሁለት በሬዎች

መቐለ፣ ሰኔ ፫ ቀን ፲፱፻፴፮ ዓ.ም.

በወረርሽኙ በሬ ላለቀባቸው ገበሬዎች መንግሥት የበሬ መግዣ ሊሰጥ ነው። በሬ ለሞተበት ምስክርነቱን በመዝገብ የምጽፈው እኔ፣ መምህሩ፣ ነኝ። ዛሬ የእህቴ ባል ሐጎስ የሞቱበትን የሁለት በሬዎቹን የደረቀ ጆሮ ለማስረጃ በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣልኝ። አምና ለግብር ከብት ሲቈጠር፣ ገደል ሥር እንደ ደበቃቸው እያወቅሁ፣ «በሬ የለውም» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነበርኩ።

«የኔታ፣ ከግብር ያዳንኳቸውን ሞት ወሰዳቸው» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። «በጃኹም፣ እባክዎ ይጻፉልኝ።»

ብጽፍለት የአምናው ውሸት ይወጣል፤ ሁለታችንም እንታሰራለን። ብተወው የእህቴ መሬት ክረምቱን ጦም ያድራል።

መዝገቡን የመንግሥት ሰዎች ነገ ጧት ይወስዱታል። በሐጎስ ስም ትይዩ ያለው ቦታ እስካሁን ባዶ ነው። ተማሪ እንዲህ ትቶ ቢያመጣልኝ አልቀበለውም ነበር።