ከመስኮቱ ፊት የሚቆመው ሜፕል

ጥር 3/88። ጠ. 3 ሰዓት።
በረዶ ጠርጌ ገባሁ። እጄ ደንዝዟል፤ ፊደሉ ቢንጋደድ ቻለው ደብተሬ። ከመስኮቱ ፊት ያለው ቦታ አሁንም ባዶ። ለባለቤቴ ለጥሩነሽ መታሰቢያ የተከልኩት፣ ሜፕል የሚሉት ዛፍ የነበረበት። በሐምሌ ተከልኩት። ችግኝ በሐምሌ ነው የሚተከል፣ እኔን ማንም አያስተምረኝም ብዬ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ሐምሌ እሳት ነው። በሁለት ሳምንት ደረቀ። ልጄ ሰናይት ነግራኝ ነበር። ልክ ነበርሽ አልላትም። ላንተ ብቻ።

ጥር 8።
ሰናይት ሌላ እንግዛ አለች። ሲልቨር ሜፕል የሚባለውን ዓይነት፣ ቶሎ ያድጋል። "አባባ፣ ጥላው ሥር ይቀመጡበታል።" ደስ አለኝ።
ጎረቤታችን ሚስተር ቢል ራሱን ነቀነቀ። ሰናይት ተረጎመችልኝ። ቶሎ ያደገ ቶሎ ይሰበራል አለ። ቀዩ ሜፕል ይሻላል፣ ብርድም መሬትም አይመርጥም። ከሁሉ ደግሞ የስኳር ሜፕል የሚሉት፤ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ የልጅ ልጅ ነው የሚያየው። በሰባ ስድስት ዓመቴ ቀስ! ጥርስ የሌለው ሽማግሌ፣ እኔን ሽማግሌ ይለኛል። ሲልቨሩ ይሁን አልኩ። አበቃ።

ጥር 20። ጠዋት።
የጌታ ያለህ! ሌሊት የዘነበው ዝናብ በያለበት በረዶ ሆኖ ረግቶ ዓለም ሁሉ ብርጭቆ ሆኗል። እያንዳንዷ ጭራሮ ታበራለች። ቆሜ ሳይ፣ ጧ! ከመንገዱ ማዶ ያለው ትልቁ ሲልቨር ሜፕል ለሁለት ተሰንጥቆ መኪና ላይ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም። በቢል ግቢ ያለው የስኳር ሜፕል እንደ ቤተ ክርስቲያን መብራት ቆሟል። አንዲት ቅርንጫፍ አልጎደለችውም።

የካቲት 6።
ቢል ዛፉን በመሰርሰሪያ በሳው። አበደ አልኩ። ትንሽ ቱቦ ሰክቶ ባልዲ አንጠለጠለ። ጠብ። ጠብ። ቅመስ ብሎ በጣቱ አሳየኝ። ውሃ ነው። ግን ይጣፍጣል! ቅጠል ከሌለው፣ በረዶ ውስጥ ከቆመ እንጨት! ኮፍያዬን አወለቅሁ። ቢል ሳቀብኝ፤ ይሳቅ። ጥሩነሽም እንዲህ ነበረች። ቤት ውስጥ የሚበላ ሲጠፋ ነበር ሳቋ የሚመጣው።

የካቲት 7። እራት ላይ።
የስኳሩ ይሁን አልኳት ሰናይትን። "ጥላውን እኮ እርስዎ..." ብላ ዋጠችው። አውቃለሁ፣ አልደርስበትም። ጥላው የኔ ነው ያለው ማን ነው? የጥሩነሽ ነው።
መቼ እንትከለው አለች፣ ፈራ ተባ እያለች።
ቢልን እንጠይቀው አልኩ። እኔ! ሹካዋን አስቀመጠች።
እሱ ያለው ቀን ይተከላል። በሐምሌ ብቻ አይበለኝ።