የባሕሯ ሴት እና ባለ አንድ ዓይኑ ሰው

የሺዬ፣

ሙት ዓመትሽን ካሰብን ሁለት ወር አለፈ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን እንደተውሽው ነው። መጋረጃውን ብቻ ህሊና ቀይራዋለች፤ ልጅሽ እኔን ሳትጠይቅ የምታደርገው ነገር እየበዛ ነው። መንጃ ፈቃዴን አድሻለሁ። ጉልበቴ ያው ነው። የምጽፍልሽ ግን ስለዚህ አይደለም። ተቆጥቼብሽ ስለነበር ነው። ቁጣዬ ቅናት ነበር፤ አሁንም ጨርሶ አልለቀቀኝም።

ባለፈው ወር ህሊና ከአሌክሳንድሪያ መጥታ የስዕል ደብተርሽን ከቁም ሳጥኑ አወጣች። አባዬ፣ ቲቸሩ ኮል አድርጎኝ ነበር፣ ሾው ስላለው የማሚን ስዕል ይፈልጋል አለችኝ። ቲቸሩ ያ ከኒውዚላንድ የመጣው ማኦሪ ሽማግሌ ነው። ስሙን አውቀዋለሁ፤ አልጠራውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ በህሊና ሰፈር ወዳለው የአረጋውያን ማዕከል ለስዕል ትምህርት አደርስሽና ፓርኪንግ ውስጥ ሬዲዮ እየሰማሁ እጠብቅሽ ነበር። ሳቅሽ በመስኮቱ ይሰማኛል። ግባ ብትይኝም አልገባሁም። ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እያየሁ ብቻዬን የተማርኩ፣ በጎንደር የስንቱን ሱቅ ሰሌዳ የጻፍኩ ሰው ከማን ልማር ብዬ እገባለሁ? አንቺስ ቤትሽ ሠዓሊ ተቀምጦ ለምን ውጭ ሄድሽ? አንድ ጊዜ ላስተምርሽ ሞክሬ፣ መስመሩ ሲጣመም እርሳሱን ከእጅሽ መውሰዴን አልረሳሁም። ከዚያ በኋላ አልጠየቅሽኝም።

ተረቱን መኪና ውስጥ ነግረሽኛል። በእነሱ አገር ከባሕር የምትወጣ ሴት ነበረች። ሲመሽ ወጥታ ያገባችው ሰው ቤት ታድራለች፤ ሊነጋ ሲል ወደ ወገኖቿ ትመለሳለች። የሰውን የበሰለ ምግብ የዋጠ ወደ ባሕር መመለስ አይችልም ይባላልና፣ ሰውየው እንዳትሄድበት ብሎ፣ ተኝታ ሳለች የበሰለ ምግብ በአፏ አኖረ። ሳትውጠው ነቅታ ሸሸች፤ ዳግመኛም አልወጣችም። ከውሃው በታች እጆቿን ዘርግታ ዓለት ሆነች፤ ዓሦቹም በብብቷ ሥር ይራባሉ።

ይህንኑ ነው የሳልሽው። ከወገቧ በላይ ሴት፣ ከወገቧ በታች ዓሣ። በብብቷ ቀያይ ዓሦች፣ ከጅራቷ ሥር ኦክቶፐስ፣ ጅራቱ ጅራፍ የሚመስል ሰፊ ዓሣ፣ ውስጡ እንደ ርግብ አንገት የሚያብለጨልጭ ዛጎል። ሁሉም የዚያ ሰውዬ አገር ፍጥረቶች ናቸው። ከጣና አንድ ቆሮሶ ዓሣ እንኳ አልጨመርሽም። እጅሽ እንዲህ መታዘዙን አላውቅም ነበር፤ ለእሱ ታዞ ለእኔ አለመታዘዙ አንገበገበኝ።

ከዚያ ባሕሩ ዳር የቆመውን ሰው አየሁ። ኮፍያው የእኔ ነው፣ አፍንጫውም የእኔ ነው። ዓይኑ ግን አንድ ነው፤ በጎን ስለሽዋል።

የሺ፣ የእኛን አሣሣል ታውቂያለሽ፣ ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሳላል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳሉት ሰይጣንና ይሁዳ ናቸው። አሸዋው ላይ ለተኛው ለዚያ ጠፍጣፋ ዓሣ እንኳ፣ ሁለቱንም ዓይኖቹን በአንድ ጎኑ አድርገሽ ሰጥተሽዋል። ለእኔ አንድ። ምግቡን በአፏ ያኖረውን ሰው እኔን አደረገችኝ አልኩ። በመጨረሻው ሳምንት አጥሚቱን በማንኪያ ይዤ ክፈቺ፣ ክፈቺ ስልሽ ፊትሽን ማዞርሽ ትዝ አለኝና ባሰብኝ።

እርሳስ አንስቼ ሁለተኛውን ዓይን ጨመርኩበት። አፍንጫው ወደ ጎን፣ ዓይኑ ወደ ፊት። አስቀያሚ ሆነ። እንደዚያው ጠቅልዬ ራሴ ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ገባሁ። ሰውየው ከእኔ ይልቅ አርጅቷል፣ በከዘራ ነው የሚሄደው። ይህም አላስደሰተኝም ብል እዋሻለሁ። ስዕሉን አይቶ ይህን ዓይን ማን ጨመረው አለኝ። እኔ፣ ባሏ አልኩት። ሳቀ። አንተ ሹፌሩ ነህ አለኝ።

እሱም በስዕሉ ያለውን ሰው ፊቱን ወደ ፊት አዙሪው፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታዩ ብሎሽ እንደነበር ነገረኝ። እምቢ ብለሽዋል። ባሌን ሃያ ዓመት ያየሁት ከጎኑ ተቀምጬ ነው፣ ፊት ለፊት ከሳልኩት ሌላ ሰው ይሆንብኛል ብለሽዋል። ወደ ሆቴሉ ሥራሽ ሳደርስሽ፣ ድልድዩ ላይ፣ በረዶ ሲጥል፣ እኔ መንገዱን አያለሁ፤ አንቺ እኔን ታዪ ነበር ለካ።

ስዕሉን ይዤ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ ድሮ እንደማደርገው በዳቦ ልብ ቀስ አድርጌ ዓይኑን አጠፋሁት። ወረቀቱ ሻክሯል፣ ጥላው ቀርቷል። እንደዚያው ይሰቀል አልኩ፤ አሁን በአሌክሳንድሪያ ግድግዳ ላይ ነው። ያን ዓይን ስጨምር፣ እርሳስሽን ስነጥቅሽ ሁለተኛዬ ነበር።

ቲቸሩን አሁንም አልወደድኩትም። ለእኔ ልትነግሪኝ የሚገባሽን ለእሱ ነግረሽዋል። እኔ ብጠይቅሽ ኖሮ ለእኔ ትነግሪኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ማወቄ ቅናቱን አያበርደውም።

በዚህ ሳምንት አንቺን ልስል ተቀመጥኩ። ፊት ለፊት በቀላሉ መጣሽልኝ። በጎን ስሞክር ጠፋሽብኝ። ግራ ጉንጭሽ ላይ ማርያም የሳመችሽ ምልክት ከጆሮሽ በስንት ጣት ይርቅ ነበር? ሃያ ዓመት አጠገቤ ነበር፤ አላውቀውም።

ረቡዕ ረቡዕ አሁንም ወደ ህሊና እነዳለሁ። ቀይ መብራት ሲይዘኝ ወደ ቀኝ ወንበር እዞራለሁ። ኋላዬ ያለው ሰው ጥሩምባ እስኪነፋብኝ አያለሁ። አልረሳሽም፤ የምልክትሽን ቦታ እስካስታውስ ድረስም እርሳስ አላነሳም። ያስታወስኩት ቀን ግን የተማርኩትን ሁሉ ትቼ፣ በጎን፣ በአንድ ዓይን እስልሻለሁ።

ባልሽ