የበራሪው ሰው እናት

ሞላሌ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ ታደሰ፣ ታማ የተኛችውን እናቱን አስካለን ለማጫወት ከደብረ ብርሃን ፊልም ይዞ መጣ። ከሥዕላዊ መጽሐፍ ተወስዶ የተሠራ፣ ስለሚበር ጉልበተኛ ሰው ነው። ታደሰ እየተረጎመ አሳየን። እኔ የልጅ ወሬ ነው ብዬ ፊቴን አዙሬ ነበር። ግን ያ ተራራ ያነሣ ሰውዬ ካባውን መዝጊያ ይዞበት ሲንፈራገጥ አስካለ ሳቀች። ከፋሲካ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ወንበሬን አስጠጋሁ።

ወደ መጨረሻው የሰውዬው እናት ታማ ሞተች። ያ ሁሉ ጉልበት አላዳናትም።

ታደሰ ተናደደ። “መጽሐፉ ላይ እኮ ትድናለች! አበላሹት።”

“አላበላሹትም” አልኩት። “ጉልበቱ የማይደርስበት ነገር ባይኖር ምን የምናስበው ይኖረን ነበር? ካባው አሳቀን፤ የእሷ ሞት አሳሰበን። መሞት ነበረባት።”

“አባዬ፣ ይበቃዎታል።”

አልበቃኝም። ክርክር መቼ ትቼ አውቃለሁ? መሞት ነበረባት እያልኩ ደጋገምኩት።

አስካለ ወደ ግድግዳው ዞረች። “አንተ መቼም አትረታም” አለችኝ። “ለእኔ ግን መጽሐፉ ይሻለኛል።”

ሐኪሙ መድኃኒት አይገኝላትም፣ ከእንግዲህ ቤቷ ትረፍ ያለን እሷ በሌለችበት ነበር። ለካ ታውቃለች። ያልኩት እውነት ነው፤ አሁንም አልለውጠውም። ግን ምን ያደርግልኛል? እሷን አያስነሣልኝም።

ታደሰን ደጅ ጠራሁት። “ነገ ስትደግምላት እናትየዋ ሳትታመም አጥፋው።”

“አይታዋለች እኮ፣ አባዬ።”

“አጥፋው አልኩህ።”