በግልባጭ ስለተበላው የሕሙማን በጀት

ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ፍሥሐ ዘገዬ
የጽናት ስደተኞች መረዳጃ ማኅበር ምክር ቤት ሰብሳቢ
ፓርክላንድስ፣ በማኅበሩ አዳራሽ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት እየጠየቅሁ፣ እኔ በበኩሌ ከጉልበቴና ከማኅበራችን ደንብ በቀር የሚያመኝ እንደሌለ በትሕትና እገልጻለሁ። ይህን ደብዳቤ እንደ ወትሮዬ ለመዝገብ ቤት ማስረከብ ሲገባኝ በአዳራሹ በር ላይ በሙጫ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ምክንያቱ ቁጠባ ነው። መዝገብ ቤት የገባ ወረቀት ሁሉ በክፍሌ ላይ ወጪ ሆኖ ስለሚታሰብ፣ ከቀሩልኝ መንገዶች ርካሹ በሩ ሆኖ አገኘሁት። ጉዳዬም አንድ ነው፤ ወይዘሮ ፋናዬ ቶሎሳ በማታቱ ታክሲ ሐኪም ቤት የምትመላለስበት መሳፈሪያ።

ነገሩን ለማያውቁ አባላት ባጭሩ ላስረዳ። ማኅበራችን አራት ክፍሎች አሉት፤ የትምህርት፣ የስፖርት፣ የቀብርና እኔ የምመራው የሕሙማን ክፍል። ለእያንዳንዱ በወር ሁለት ሺህ ሽልንግ ይመደባል። የአዳራሹን ኪራይ፣ የዘበኛውን ደመወዝና የጽሕፈት ቤቱን ወጪ፣ በወር ሁለት ሺህ አራት መቶ ሽልንግ፣ አራታችን ስድስት ስድስት መቶ እያዋጣን እንሸፍን ነበር። ክቡርነትዎ ግን አገር ቤት በማዘጋጃ ቤት የበጀት ሹም ሆነው ያካበቱትን ዕውቀት ሳይሰስቱ፣ የከተማ ምክር ቤት የአስተዳደር ወጪውን ለየመምሪያዎቹ የሚያከፋፍልበትን ዘመናዊ ስልት ከጥቅምት ጀምሮ አወረሱን። በስልቱ መሠረት አስተዳደሩን ይበልጥ ያደከመ ክፍል ይበልጥ ይከፍላል፤ ድካሙም የሚለካው ወደ መዝገብ ቤት ባስገባው ወረቀት ብዛት ነው። ሁለት መቶ የማንሞላ ስደተኞች እንደ ከተማ መታሰባችን ያኮራናልና ስለዚህ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ቀጥሎ ያሉትን ቅሬታዎች የማቀርበውም ከዚሁ ምስጋና ጋር ነው።

አንደኛ፤ ክፍሌ ለበሽተኛ መሳፈሪያ ለማውጣት በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። ጥያቄው ሦስት ግልባጭ አለው፤ ለሰብሳቢው፣ ለገንዘብ ያዡና ለተቆጣጣሪው። መዝገብ ቤት ዋናውንም ግልባጩንም ለየብቻ ስለሚቆጥር አንዱ ደብዳቤ አራት ወረቀት ይሆናል። በጥቅምት አራት ደብዳቤ ብቻ ጻፍሁ። በማኅበሩ ከገቡት ሃያ አራት ወረቀቶች አሥራ ስድስቱ የእኛ ሆኑና ከአስተዳደር ወጪው ሁለት ሦስተኛው፣ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሽልንግ፣ በእኛ ላይ ወደቀ። ለአሥራ አንድ በሽተኞች አራት መቶ ሽልንግ ተረፈ።

ሁለተኛ፤ ይህንኑ በኅዳር አቤት አልሁ። መልስ ሲዘገይ ማስታወሻ ጻፍሁ፤ የማስታወሻውም መልስ ሲዘገይ ማስታወሻውን አስታወስሁ። ከበሽተኞቹ ጥያቄ ጋር አሥር ደብዳቤ ሆነ፤ ከነግልባጩ አርባ ወረቀት። የማኅበሩ ወረቀት በሙሉ አርባ ስምንት ስለነበር ድርሻችን ድፍን ሁለት ሺህ ሽልንግ፣ ማለትም የወሩ በጀታችን በሙሉ ሆነ። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሠራሁት፤ የአንዲት ሳንቲም ስሕተት የለበትም። በጀቱ እያለቀ ነው ብዬ በመጻፌ በጀቱን የጨረስሁት እኔ መሆኔን ያለዚህ ጥንቃቄዎ ከቶ ባላወቅሁም ነበር።

ሦስተኛ፤ እንግዲያስ ዝም ልበል አልሁ። ያለ ጽሑፍ ጥያቄ ግን ከሣጥኑ ሽልንግ አይወጣም። ብጽፍ ገንዘቡ ያልቃል፣ ባልጽፍ ተቆልፎ ይቀመጣል። ኃላፊነቴን ልልቀቅ ብል መልቀቂያው ራሱ ደብዳቤ ነው። ግልባጩን ላስቀር ብል የደንቡ አንቀጽ ዘጠኝ ይከለክላል። አንቀጽ ዘጠኝን ያረቀቅሁት ደግሞ፣ ክቡር ሆይ፣ እኔ ነኝ። በልጅነቴ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት የጻፈችውን ሳትገለብጥ ያስረከበች ተማሪ ምሳ አትበላም ነበር፤ እኔም አንድ ቀን እንኳ ምሳ ቀርቶብኝ አያውቅም። ማኅበሩ ሲመሠረት ይህን ሥርዓት በኩራት በደንቡ ውስጥ አስገባሁት። ግንቡን የገነቡት ክቡርነትዎ ቢሆኑም ድንጋዩን ያቀበልሁ እኔ ነኝና ስለ ትብብራችን ሁለታችንም ልንመሰገን ይገባል። የመዝገብ ቤቷ እኅተማርያም ባለፈው ሰኞ ወረቀት ይዤ ስታየኝ ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ ደብቃ፣ «እማማ፣ በፈጠረዎት አይስጡኝ! ከሰጡኝ እኮ መመዝገቤ ነው» አለችኝ። ከምክር ቤቱ እስከ ዛሬ ያገኘሁት ርኅራኄ ይህ ብቻ ነው።

አራተኛ፤ የስፖርት ክፍል በሁለቱም ወራት አንድ ወረቀት ስላላስገባ ለኪራይም ለዘበኛም አንድ ሽልንግ አልከፈለም። ኃላፊው አስቻለው ከእስክርቢቶ ጋር እንደማይስማማ ሁላችንም እናውቃለን። ጉዳይ ሲኖረው በመስኮቱ ሥር ቆሞ፣ «ጋሼ ፍሥሐ፣ ኳሷ ተነፈሰች!» ብሎ ይጮኻል፤ በማግስቱ አዲስ ኳስ ይገዛል። እኔም በሰባ አንድ ዓመቴ ከዚያው መስኮት ሥር ቆሜ ስለ ፋናዬ በቃል ብለምን፣ ክቡርነትዎ ብቅ ብለው፣ «እትዬ ወርቂቱ፣ እርስዎማ የሥርዓት ሰው ነዎት፤ በጽሑፍ ያድርጉት እንጂ» አሉኝ። ስለ አክብሮትዎ እግዜር ይስጥልኝ።

ፋናዬ ኢምባካሲ ሰፈር በአንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዋን የምትኖር፣ የሰው ልብስ እየተኮሰች የምታድር ሴት ናት። ለሳንባዋ ሕመም ስድሳ መርፌ፣ በየቀኑ አንድ፣ ሳታቋርጥ እንድትወስድ ታዝዞላት ሠላሳ ስምንቱን ወስዳለች። የክፍላችን ገንዘብ ሲያልቅ ከኢስሊ ሰፈር መርየም የምትባል ነጋዴ፣ የማኅበራችን አባል እንኳ ሳትሆን፣ ወሬውን ሰምታ የሦስት ሳምንት መሳፈሪያ ከሻሿ ጫፍ ፈትታ ሰጠችን። ደረሰኝ ልጽፍላት ብል ሳቀችብኝ። አሁን ዕቃ ልታመጣ ሞያሌ ወርዳለች። ፋናዬም ዛሬ በእግሯ ሄዳ፣ በየመንገዱ እየተቀመጠች፣ የመርፌው ክፍል ከተዘጋ በኋላ ደረሰች። ነርሷ፣ «ዛሬ አንድ ቀን አለፈሽ፤ ከዚህ በላይ ካቋረጥሽ ግን ከአንድ ትጀምሪያለሽ» ብላታለች። ከአንድ ለመጀመር የሚሆን አቅም የላትም፤ ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ደርሶ መልሱ ስምንት ሽልንግ ነው። ለሃያ ሁለት ቀን አንድ መቶ ሰባ ስድስት ሽልንግ ይሆናል። ይህንኑ በደንቡ መሠረት ከነሦስት ግልባጩ ብጠይቅ በኅዳር ሒሳብ ጥያቄው ብቻ ሁለት መቶ ሽልንግ ያስወጣናል።

በአንጻሩ የቀብር ክፍል በኅዳር አንድ ደብዳቤ፣ ከነግልባጩ አራት ወረቀት ብቻ በማስገባቱ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሽልንግ ተርፎት፣ የሞተም ሰው ስላልነበረ፣ በደኅና ተቀምጧል። ስለዚህ ፋናዬ ጥቂት ታግሣ ከእኔ ክፍል ወደዚያኛው ብትዛወር ችግሯ ሁሉ ይቃለላል። ለማታቱ ስምንት ሽልንግ ያጣንላትን ሴት ያን ጊዜ መኪና ኢምባካሲ ድረስ ሄዶ ያመጣታል፤ እኛም በተከራየነው አውቶቡስ እንከተላታለን፤ ክቡርነትዎም ንግግር ያደርጋሉ። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የእኔ አንድ ደብዳቤ ነው። እርሱን ግን አልጽፍም። ልቀጣም ዝግጁ ነኝ።

የምለምነው ወረቀት መቁጠሩ ቀርቶ አራታችን እንደ ቀድሞው እኩል እንድንከፍል፣ እስከዚያውም አንድ መቶ ሰባ ስድስት ሽልንግ ከሣጥኑ በቃል እንዲወጣ ነው፤ ለኳሷ እንደተደረገው።

ለከተማ የሚበቃ ዕውቀትዎን በአንድ አዳራሽ ላይ ላፈሰሱት ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ሙሉ ጤናን፣ ሐኪም ቤትም መሄድ ካስፈለገዎ የቅርቡን እየተመኘሁ፣ በፍጹም አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ወርቂቱ ኢስሀቅ
የሕሙማን ክፍል ኃላፊ፣ መልቀቂያ ለመጻፍ አቅም ያጣች

ግልባጭ፦ የለውም።

በተጨማሪ፦ ክቡርነትዎ ጠዋት ጠዋት ከኢምባካሲ ወደ ኪሊማኒ ቢሮዎ፣ በሐኪም ቤቱ በር አልፈው፣ በሚነዱት መኪና ሦስት ባዶ መቀመጫ እንዳለ ጎረቤቶችዎ ነግረውኛል። ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች ቀጭን ሴት በመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ስትሰበስብ ቢያዩ፣ ፋናዬ ናትና እንዳይደናገጡ። በጽሑፍ ስላልጠየቀች የማቆም ግዴታ የለብዎትም።