ስለ ሰጡኝ ነጻነት፦ ለጣውላ ኩባንያው ሥራ አስኪያጅ

ኮልፌ፣ ኅዳር ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሀብተሥላሴ ተክለሃይማኖት
የመንግሥት ጣውላ ሥራ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አስኮ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ኩባንያዎ ዝግባ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ሕግ ክፍልዎ የከበደ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ።

ነገሩ የተበላሸው አክስቴ ወይዘሮ ጥሩብርሃን በቢሮዎ ምንጣፍ ላይ ቆመው «ዋሷ እኔ ነኝ» ባሉበት ቅጽበት ነው። በፍርድ ቤት ስለ ኩባንያው ለሚቆም ነገረ ፈጅ በወጣው ፈተና አንደኛ መውጣቴን ራስዎ ነግረውኝ፣ እጄን ጨብጠው፣ የቀረኝ እንደ ደንቡ ዋስ ማቅረብ ብቻ መሆኑን አስረድተውኝ ነበር። እኔም አሳድገው ያስተማሩኝን፣ ከከፋ እስከ ኮልፌ ያለ የቅቤ ነጋዴ ሁሉ በቃላቸው ብቻ አምኖ ዕቃ የሚለቅላቸውን አክስቴን ይዤ ቀረብኩ። እርስዎ ግን ከት ብለው ሳቁና ወደ ምክትልዎ ዞረው፣ «እንዴ! ሴት ሴትን ዋሰች! ሁለቱም ቢጠፉ ማን ማንን ሊያመጣ ነው?» አሉ። አክስቴ «እኔ ጌታዬ፣ ጠፍቼ አላውቅም፤ ሱቄም እግር የለው» ብለው ነበር፤ በሳቅዎ መካከል ሳይሰሙት ቀርተው ይሆናል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ዋስትና ሲናገር ቀሚስና ሱሪ እንደማይለይ ላስታውስዎ አፌን ስከፍት፣ ምክትልዎ በሩን ከፈቱልኝ። ስለ ትሕትናቸው አመሰግናለሁ።

በዚያው ሰሞን ቦታው ለጥሩነህ ፍቅሬ ተሰጠ። ጥሩነህ የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ ፈተናውን ከእኔ በታች አለፈ። ዋሱ ግን ወንድ ነበሩ፦ አጎቱ፣ ማለትም በሩን የከፈቱልኝ ምክትልዎ።

እንግዲህ ቅሬታዬን እንደ ተማርኩት በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ እቀናለሁ። ይህን ስጽፍ አላፍርም። በሚሽከረከረው ወንበሩ እቀናለሁ፤ ባይጮህም የእሱ በሆነው ስልክ እቀናለሁ፤ ገና ጢሙ በቅጡ ሳይወጣ መታሰብ በጀመረለት ጡረታ እቀናለሁ። ከሁሉ አብልጬ የምቀናው ግን በደንበኛው ነው። አንድ ደንበኛ አለው፤ እሱም መንግሥት ነው፤ አይከስርም፣ አይሞትም፣ በቀጠሮ ቀን ዝናብ ያዘኝ ብሎ አይቀርም። የኔዎቹ ደንበኞች ደግሞ በአጥር ባሕር ዛፍ ከጎረቤታቸው የተጣሉ ባልቴቶች ናቸው። ሌሊቱን ክሱን ጽፌ ሳድር ጠዋት ሽማግሌ ይገባና ይታረቃሉ፤ ሁለቱም መጥተው በአንድነት ይመርቁኛል። ምርቃቱ ብዙ ነው፤ የቤት አከራዬ ግን ምርቃት አትቀበልም።

ሁለተኛ፤ የሸኙኝ ዕለት «አንቺማ ብዕርሽ ስለት ነው፤ የግል ጥብቅና ይሻልሻል፤ ነጻነት አለው» ብለው ስላጽናኑኝ ውለታዎን አልረሳም። ከዚያ ወዲህ ያልቀጠረኝ ሁሉ ይህንኑ ነጻነት ስለሚመርቅልኝ፣ በከተማው ውስጥ ከእኔ የበለጠ ነጻ ሰው ያለ አይመስለኝም። ነጻነት ይህን ያህል የሚጣፍጥ ከሆነ ግን፣ ለምክትልዎ የወንድም ልጅ መንፈግዎ ጭካኔ አይሆንም?

ሦስተኛ፤ የኩባንያው ላንድሮቨር በየሳምንቱ ከኮልፌ ገበያ ጀርባ ካለችው ክፍሌ ደጃፍ ይቆማል። የመኪናውን መውጫ ፈቃድ የሚፈርሙት እርስዎ ስለሆኑ የማያውቁትን አልነገርኩዎትም። መኪናው ጥሩነህን ያመጣል፤ ጥሩነህ መዝገብ ያመጣል። «ዘሙዬ፣ በሞቴ፣ ነገ መልስ አስገባ ተብያለሁ። ደግሞ ሁለተኛ ነገረ ፈጅ ሊቀጠር ነው፤ ስምሽን ለአጎቴ አንስቻለሁ» ይለኛል። እኔም ያን ሁለተኛ ቦታ ተስፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ እሱ ይፈርማል። ጎረቤቶቼ መኪናውን እያዩ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ገባሽ አሉ!» ይሉኛል። አይደለም የምልበት ጊዜ አልፎብኛል። እርስዎም በስብሰባ ላይ «የዚህ ልጅ ብዕር ወርቅ ነው» ብለው እንዳሞገሱት ራሱ ጥሩነህ እየሳቀ ነግሮኛል። አመሰግናለሁ፤ ሙገሳው በእሱ በኩል ዞሮ ደርሶኛል።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሁሉ ችዬ ልኖር እችል ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን አንድ ሰው በሬን አንኳኳ። ቀኝ እጁን ለሰላምታ ዘረጋና መልሶ ሰብስቦ በግራው ጨበጠኝ። ነገሬ ይባላል፤ ጣቶቹን በመጋዝዎ ላይ ትቶ የተሰናበተ ሠራተኛዎ ነው። «ኮልፌ ውስጥ ሕግ የተማረ አንቺ ነሽ አሉኝ፤ እህቴ፣ ቁሚልኝ» አለና ኩባንያው ለክሱ የሰጠውን መልስ ከኮቱ ኪስ አወጣ። ከመጀመሪያው መስመር አወቅሁት። እኔ የጻፍኩት ነበር። ጥሩ መልስ ነው፤ ክፋቱም ጥሩ መሆኑ ነው። ስጽፈው ነገሬ «ከሳሽ» የሚባል ቃል ነበር እንጂ እጅ አልነበረውም።

ለተከሳሹ የጻፈ እጅ ለከሳሹ መቆም እንደማይችል ሙያዬ ያስገድደኛልና እውነቱን ነገርኩት።

«እንዴ፣ የነሱ ሠራተኛ ነሽ?» አለኝ።

አይደለሁም አልኩት።

«ደመወዝ ይቆርጡልሻል?»

የለም አልኩት።

«ታዲያ በምን ዕዳሽ ነው እኔን የምትተዪኝ?»

ክቡር ሆይ፣ ይህ ጥያቄ አንደኛ በወጣሁበት ፈተናዎ ላይ አልነበረም። ወደማምነው ጠበቃ መርቼ ሸኘሁትና በሩን ዘጋሁ። ከተመረቅሁ ወዲህ በሙሉ ልቤ ልቆምለት የተመኘሁት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ወንበሩን ሲነሱኝ አዝኜ ነበር፤ ነገሬን ሲነሱኝ ግን ተቆጣሁ። የመዝገቡን ቃል እዚህ አላወጣሁም፤ ወደፊትም አላወጣም፤ ሥራውን ባይሰጡኝም የሥራውን ምስጢር እጠብቃለሁ።

ከእንግዲህ ግን መዝገብ ይዞ ለሚመጣ ላንድሮቨር ደጄ ክፍት አይሆንም። ሊቀጠር ነው በሚባል ሁለተኛ ወንበር አልታለልም። በሌላ ሰው ፊርማ ሥር አንዲት መስመር አልጽፍም። የግል ጠበቃ ከሆንኩ ሙሉ ጠበቃ እሆናለሁ፤ የኩባንያዎ ስውር ሠራተኛ ሆኜ የራሴን ደንበኛ ከደጄ አልመልስም። ነጻ ነሽ ብለውኛል፤ ቃልዎን ተቀብያለሁ።

የሚገባዎትን ያህል የማከብርዎ፣
ሳይቀጥሩኝ ያገለገልኩዎ፣ ሳያሰናብቱኝም የተሰናበትኩ፣

ዘመነች መሸሻ
ጠበቃ፣ ኮልፌ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ እንዳነበቡ በጠርዙ ላይ «ለሕግ ክፍል፤ ጠንካራ መልስ ይዘጋጅ» ብለው እንደሚመሩት አልጠራጠርም። ጥሩነህም ወዲያው ሾፌሩን ይጠራ ይሆናል። እባክዎ ወደ ኮልፌ እንዳይደክም ይንገሩልኝ፤ ይህንን ራሱ ይጻፈው።