ጥፋታቸውን በሽማግሌ ለላኩልኝ የመሐል ዳኛ

ለክቡር የመሐል ዳኛ አቶ ነቢዩ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን እንደ ሰነበተ እጠይቃለሁ፤ በተለይ ጉሮሮዎ። የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ቅዳሜ ዕለት የነፉት ፊሽካ እስከ ቃሊቲ መናኸሪያ ድረስ ተሰምቶ ሳለ፣ ስህተትዎን ለመናገር ሲሆን ድምፅዎ መጥፋቱን ስሰማ ከልቤ አዝኛለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። እኔ በቂሊንጦ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ልጆች የሚጫወቱበት የሴቶች እግር ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ነኝ። በዚያ ቅዳሜ፣ በሠፈሮች ዋንጫ ጨዋታ ላይ፣ በረኛዬን ነዒማን ዳኛ ሰድባለች ብለው በቀይ ካርድ አስወጡብኝ። ነዒማ ግን ትንፍሽ አላለችም። ዓይንህ ይጥፋ ብለው የሰደቡዎት ከጎሉ ጀርባ ቆመው የነበሩት እናቷ ወይዘሮ ላጢፋ ናቸው። ይህንንም መርምሬ የደረስኩበት እኔ አይደለሁም። ወይዘሮ ላጢፋ ራሳቸው ሻሻቸውን እያጠበቁ ሜዳው መሐል ገብተው፣ የሰደቡት እሳቸው እንደ ሆኑና ልጃቸው ምንም እንዳላጠፋች ደረታቸውን እየመቱ በሕዝብ ፊት ተናግረዋል። እርስዎ ደግሞ ምስጋና ይግባዎትና ተመልካች ሜዳ ገባ ብለው ይህንኑ በሪፖርትዎ ላይ ጨመሩልን። ከጨዋታው በኋላ ላነጋግርዎ ስመጣም ሰዓትዎን አይተው እርምጃዎን አፈጠኑ።

ሥርዓት እንደሚወዱ ስለማውቅ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ሽማግሌ ስለ ላኩልኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ትናንት እሑድ ከሰዓት፣ ጋቢ የለበሱ ሦስት አባቶች ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለኩ ወጥተው የእናቴን በር አንኳኩ። ክቡርነትዎ፣ እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም። እናቴ ይህን ማንኳኳት ስትጠብቅ ነው ያረጀችው። ለዓመት በዓል እንኳ የማታወጣቸውን ብርጭቆዎች አወጣች፤ ደረጃው ላይ ያየቻቸው ጎረቤታችንም እልልታዋን ልትለቀው ስትል በእጅ ምልክት ነው ያስቆምናት። ከሦስቱ አንዱ፣ ከባቡር ድርጅት ጡረታ የወጡት አቶ ገብረጻድቅ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የመጡት ስለ ቀይ ካርዱ መሆኑን ሲናገሩ የእናቴን ፊት ቢያዩት ኖሮ፣ ለእሷም ለብቻዋ ሌላ ሽማግሌ በላኩ ነበር።

፪. መልእክትዎ ሳይጎድል ደርሶኛል። መሳሳትዎን ያወቁት ወይዘሮ ላጢፋ ሜዳ ሲገቡ ያኔውኑ እንደ ነበር፣ ነገሩ ሲከነክንዎ እንደ ሰነበተና ከልብ ይቅርታ እንደሚጠይቁኝ ነገሩኝ። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በሉኝ። ይቅር ብያለሁ ለማለት ከመቀመጫዬ ብድግ ስል ግን የቀረው ተከተለ። ለካ ነገሩ በመካከላችን እንዲቀር፣ የዋንጫው ኮሚቴ እንዳይሰማ፣ ሪፖርቱም እንደ ተጻፈ እንዲቆይ ኖሯል ልመናው! ዳኛ ስህተቱን ለአሰልጣኝ ካመነ ነገ ሜዳ ላይ ማን ይሰማዋል ብለዋል አሉ። ወይ ጉድ! አሁንስ ማን እየሰማዎት ነው? ስህተት መሆኑን ሜዳው ሙሉ ሰው ያውቃል፤ የማያውቀው ሪፖርትዎ ብቻ ነው። ለእኔማ ባያምኑልኝም ግዴለም፣ የተቀጣሁት እኔ አይደለሁም።

፫. ነዒማ። እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢጎድል ይታገሱኝ። ይህች ልጅ ከልብስ ስፌት ፋብሪካ ፈረቃዋን ጨርሳ፣ ከሰርቪስ እንደ ወረደች እንቅልፍ በዓይኗ እየዞረ ልምምድ የምትመጣ ናት። በመጪው ቅዳሜ ግማሽ ፍጻሜ ላይ አንድ የታወቀ ክለብ አሰልጣኝ እሷኑ ለማየት ሊመጡ ነበር፤ ደመወዝ ያለው፣ ኳስ ብቻ ተጫውታ የምታድርበት ቦታ ሊሰጧት። በእርስዎ ሪፖርት ምክንያት ሦስት ጨዋታ ተቀጣች። አሰልጣኙም ደውለው፣ ተሳዳቢ ተጫዋች አልፈልግም ብለውኛል። ከእኔ ውሃ ስትቀበል እንኳ አንገቷን የምትደፋ ልጅ ተሳዳቢ ተባለች! እናቷ ሳሪስ ገበያ ሽንኩርታቸውን ዘርግተው፣ የልጄን እንጀራ በአፌ ዘጋሁባት እያሉ ለደንበኛው ሁሉ ያለቅሳሉ። እርር ድብን የሚያደርገኝ ይኸው ነው። ወይዘሮ ላጢፋ አጥፍተዋል፤ እዚያው በአደባባይ አምነዋል። እርስዎም አጥፍተዋል፤ ያመኑት ግን አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በሰው አፍ፣ በር ተዘግቶ ነው።

፬. ይህ ቅሬታ ሳይሆን ዜና ነው። ለሽማግሌዎቹ፣ ይቅርታውን ተቀብያለሁ፣ ምስጢሩን ግን አልቀበልም አልኳቸው፤ የነዒማንም ነገር አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አቶ ገብረጻድቅ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ልጅቷ መቀጣቷን ለካ እርስዎ አልነገሯቸውም ኖሯል። እሳቸው ለእርቅ የተላኩ እንጂ በደል ለመሸፈን የተላኩ አልመሰላቸውም። እንግዲህ ሐሙስ ኮሚቴው ይግባኛችንን ሲሰማ፣ ሦስቱም አባቶች ጋቢያቸውን አጣፍተው ይገኛሉ፤ እርስዎ የላኩትንም መልእክት አንዲት ቃል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ይናገራሉ። ምስክር ፍለጋ ሳልንከራተት እቤቴ ድረስ ስላመጡልኝ ውለታዎን አልረሳም። እርግጥ እስከ ሐሙስ ጊዜ አለዎት። ቀድመዋቸው ገብተው በገዛ አፍዎ ቢናገሩ ነዒማም እናቷም ይመርጣሉ፤ እኔም በአደባባይ እጅዎን እጨብጣለሁ።

ትንፋሽዎ አይጠር፣ ካርድ ከማውጣትዎ በፊት ፊትና ኋላውን የሚያይ ዓይን ይስጥዎ እያልኩ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

በረኛ አልባዋ አሰልጣኝ
እየሩሳሌም
ከአቃቂ ቃሊቲ

ተጨማሪ፦ እናቴ ሰላም ብላዎታለች። ብርጭቆዎቹን አጥባ መልሳ ቆልፋባቸዋለች። ያላገቡ መሆንዎንም ከሽማግሌዎቹ አጣርታለች። ምናልባት አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ሽማግሌ መላክ ቢያምርዎ እነዚያ አባቶች ደረጃውን በከንቱ እንዳይወጡ አስቀድመሽ ንገሪያቸው ብላኛለች፤ በእሱ ጥፋት የሰው ልጅ ስትቀጣ እያየ ዝም ለሚል ሰው ልጇን አትሰጥም።